የሸሓታ አግዳሚ

ሸሓታ «አንተ ቅደም» የሚባለውን ነገር እንደሚጠላ ሌላ ምንም አይጠላም ነበር። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሲደርስ ከፊቱ የቆሙት ሃያ ሰዎች ወዲያና ወዲህ ይሉለታል። የወንዙ ጀልባ ላይ ረዳቱ ትኬት አይቆርጥበትም። ሻይ ቤት ዶሚኖ ሲጫወት ተጋጣሚው የሚዘጋበትን ድንጋይ በመዳፉ ደብቆ «አለፈኝ» ይላል። ሰዎቹ ክፉዎች አይደሉም። ክፉዎች ቢሆኑ ይሻለው ነበር፤ ክፉ ሰው ይሰደባል፣ ደግ ሰው ግን ምን ይባላል?

በሦስት ዓመቱ ፖሊዮ ይዞት ሁለት እግሮቹ እንደ ሕፃን እግር ቀጥነው ቀርተዋል፤ ጀርባውም ወደ ግራ ጎብጧል። ከወገቡ በላይ ያለውን ግን ሌላ ሰው ነው ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም። ዱምያጥ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ጀርባ ባለው የአናጢዎች ጎዳና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግና ቫርኒሽ ሲቀባ ኖሯል። ወደ ሥራና ወደ ቤት የሚመላለስባትን ባለ ሦስት ጎማ ጋሪም በእጁ ነው የሚዘውራት። እንዲህ የዋለ ክንድ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው አንድ ወር ሙሉ የሰፈሩን ልጆች ብይ በልቷል። ኪሱ ከብዶ ሱሪው ይወርድ ነበር። አንድ ቀን ከአንዱ ጋር ሲጣላ ያ ልጅ ንዴቱን መያዝ አቃተውና «እናትህ ከረሜላ ስለምትሰጠን ነው እንጂ አንተ ማንን ታሸንፋለህ?» አለው። ሸሓታ ክው አለ። ማታ እናቱን አልጠየቃትም። እስክትሞት ድረስ አልጠየቃትም። ብዮቹን አንድ በአንድ ወንዝ ውስጥ ጣላቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሲያሸንፍ መጀመሪያ የሚያየው የተሸናፊውን ፊት ሆነ።

ብረት መግፋት የጀመረው በሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ምክንያቱም ይኸው ነው። «ብረት እናቴን አያውቃትም» ይል ነበር ለሚስቱ ለኢንሻራሕ። መቶ ኪሎ መቶ ኪሎ ነው፤ ገፋኸው ገፋኸው፣ ካልገፋኸው ደረትህ ላይ ተኝቶ ይጠብቅሃል። እግርህን አይቶ አይቀልልህም።

ብረቱ ያለው ካፒቴን ፊክሪ ዘንድ ነው። ካፒቴን ፊክሪ በወጣትነታቸው ክብደት አንሺ፣ በኋላ አናጢ የሆኑ የስድሳ ስድስት ዓመት ሰው ናቸው። ከሥራ ቤታቸው ሥር ያለውን ምድር ቤት ክለብ አድርገውታል። ከላይ በወለሉ ስንጥቅ ሰጋቱራ እየወረደ ብረት የሚገፋው ሁሉ ዱቄት የነካው ይመስላል። ዘንጉና ክብደቱ ተገዝቷል፤ አግዳሚውን፣ መደገፊያውን፣ ሌላውን ሁሉ ግን በገዛ እጃቸው ሠርተውታል። ሸሓታ ሲመጣ ለእሱ የሚሆን ሰፊ አግዳሚ ሠሩለት፤ እግሮቹ ከላዩ ተዘርግተው በቀበቶ ይታሰራሉ፣ እሱ በጀርባው ተኝቶ ይገፋል።

በጎዳናው ልማድ በዒድ ሁለተኛ ቀን የሥራ ቤቶቹ ወንዶች ምድር ቤት ይሰበሰቡና ብረት በመግፋት ይወዳደራሉ። ብዙ የገፋ ስሙ እስከሚቀጥለው ዒድ በክለቡ በር ላይ በቀለም ይጻፋል። በሩ ላይ ዘጠኝ ዓመት የተጻፈው አንድ ስም ነው፤ መሕሩስ። መሕሩስ ተሸካሚ ነው። ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን ብቻውን ተሸክሞ አራት ፎቅ ይወጣል፤ እየወጣም ይሳደባል። ምላሱ ከትከሻው አያንስም። በጎዳናው ላይ እሱ ያልሰደበው፣ ቅጽል ስም ያላወጣለት ሰው የለም። ከሸሓታ በቀር። ሸሓታ ፊት ሲደርስ መሕሩስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰላም ለአንተ ይሁን ወንድሜ ሸሓታ» ይላል፤ ልክ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስላል። ሸሓታም በልቡ «የት አባቱ» ይላል።

ታዲያ በየዒዱ ውድድሩ ሲያበቃ ሸሓታ ደግሞ «ለትዕይንት» ይገፋ ነበር። መቶ ሃያ። ጭብጨባው ለመሕሩስ ከሚጨበጨበው ይበልጣል። ከዚያ ሐጂ መትወሊ የሚባሉት፣ ማጣበቂያና ምስማር የሚሸጡት የጎዳናው ሽማግሌ፣ በማር የተነከረ ጣፋጭ በካርቶን ያበረክቱለታል። ባለፈው ዒድ ሸሓታ ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠውና «ካፒቴን» አለ፣ «የሚመጣው ዓመት ወይ ስሜን ከሌሎቹ ጋር ይጻፉት፣ ወይ እኔ አልመጣም።»

ካፒቴን ፊክሪ ነገሩን ወራት አሰቡበት። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወንዶቹን ሰበሰቡ።

«ዘንድሮ ውድድሩ አንድ ነው» አሉ። «ሁሉም ሰፊው አግዳሚ ላይ ይተኛል። ሁሉም እግሩን ይታሰራል። ዘንጉ ደረት ላይ ይቆማል፣ ግፋ ስል ይገፋል፣ ሁለቱ ክንዶች እኩል ይዘረጋሉ። ዘንጉ ካጋደለ ቀይ ጨርቅ ይነሣበታል።»

መሕሩስ ሳቀ። «እግሬን ቢያስሩት ምን ቸገረኝ ካፒቴን? በእግሬ ነው እንዴ የምገፋው?»

«ተኛና እንይ» አሉት።

ተኛ። አሰሩት። በአሮጌው አግዳሚ፣ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ፣ መቶ ስድሳ ይገፋ የነበረ ሰው መቶ አርባ አምስት ደረቱ ላይ ቀረበት። አራት ሰው ነው ያነሳለት። መሕሩስ ቀበቶው ሲፈታለት ተነሥቶ ቁጭ አለና እግሮቹን ያያቸው ጀመር። ሌሎቹም ተራ በተራ ሞከሩ፤ ሁሉም እየፎከሩ ተኝተው አንገታቸውን ደፍተው ተነሡ። እግር መሬትን ረግጦ ወገብን እየደገፈ ያን ሁሉ ዘመን ምን ያህል ሲያግዛቸው እንደኖረ ማንም አስቦት አያውቅም ነበር። ሸሓታ ከባለ ሦስት ጎማው ላይ ሆኖ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየ። አልሳቀም፤ ግን ያን ዕለት ቤቱ የገባው እያፏጨ ነው።

የዒዱ ሁለተኛ ቀን ከቀትር በኋላ ምድር ቤቱ ጢም አለ። ሰባት ሰው ተመዘገበ፤ አምስቱ መቶ ሃያ ላይ ተራገፉና መሕሩስና ሸሓታ ቀሩ። ዳኞቹ ሦስት ነበሩ፤ በራስጌ በኩል ካፒቴን ፊክሪ፣ በግራ ሐጂ መትወሊ፣ በቀኝ መጋዝ ቤት የሚሠራው ለቢብ። ለቢብ ከግራ እጁ ሁለት ጣት ለመጋዝ የገበረ፣ በወጣትነቱ ከመሕሩስ ጋር አምስት ዒድ ተፎካክሮ አምስቱንም ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው። እያንዳንዳቸው አንድ ነጭና አንድ ቀይ ጨርቅ ይዘዋል።

ሸሓታ መቶ ሠላሳ ጠራ። ታሰረ፣ አወረደ፣ አቆመ፣ ገፋ። ሦስት ነጭ።

መሕሩስ መቶ ሠላሳ አምስት አስጠራ። ዘንጉ ከደረቱ ተነሣ፤ ግማሽ ሲደርስ ወደ ቀኝ ተጋደመ። ሦስት ቀይ።

ሸሓታ መቶ አርባ ገፋ። ሦስት ነጭ። ምድር ቤቱ ተንጫጫ። መሕሩስ መቶ ሠላሳ አምስቱን ደገመ፤ አሁንም ዘንጉ ወደ ቀኝ እንደ ሰከረ ሰው ዘመም አለበት። ቀይ።

መሕሩስ ከቀበቶው ሳይፈታ ጮኸ። «ይሄ አግዳሚ ይጥለኛል!»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። «አግዳሚው ነው መሕሩስ? እሺ፣ ሰማይም ይጥልሃል» አለ አንዱ ከኋላ።

«ይጥለኛል እላችኋለሁ! ጀርባዬ ያውቃል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ሸክም ያስተካከልኩ ሰው ነኝ፤ ሲጋደል ይሰማኛል። ውሃ ልክ አምጡ።»

በአናጢዎች ጎዳና ውሃ ልክ ለማግኘት ሩቅ አይኬድም፤ ግድግዳው ላይ ሦስት ተሰቅሎ ነበር። መሕሩስ ተፈትቶ ሲነሣ ለቢብ አንዱን አውርዶ እየሳቀ በአግዳሚው አግድም አስቀመጠው። ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው የአየር አረፋ ወደ ግራ ሮጣ ጥጓን ይዛ ቁጭ አለች። ለቢብ ውሃ ልኩን ገልብጦ ደገመው። ያው ነው።

«ጠማማ ነው» አለ፤ ድምፁ ቀጠነ። «አግዳሚው ጠማማ ነው።»

ሁሉም ወደ ካፒቴን ፊክሪ ዞረ። በዚህ ጎዳና አናጢን «እንጨትህ ጠማማ ነው» ማለት እናቱን ከመስደብ አይተናነስም። ካፒቴን ፊክሪ ግን አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው የአግዳሚውን ቆዳ ከግራ ጠርዙ ገለጡት። ከሥሩ በጥንቃቄ የተላገ፣ የተቀባ፣ ቀጭን ሽብልቅ ተጣብቆ ነበር።

«እኔ ነኝ ያደረግሁት» አሉ። «ለሸሓታ ነው።»

ሸሓታ ሰማ፤ ግን ቃሉ ጆሮው ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ መግባት እምቢ አለ። ለእኔ?

«መቼ?» አለ።

«ከተሠራ ጀምሮ። ጀርባህ ወደ ግራ ስለሆነ ዘንጉ ይጋደልብህ ነበር። አንድ ቀን አየሁህ፣ ማታ ቆረጥኩ፣ ሥሩ አደረግሁት። ከዚያ ቀጥ አለ።»

«ስምንት ዓመት» አለ ሸሓታ።

«ስምንት ዓመት» አሉ ካፒቴን።

ሸሓታ ስምንቱን ዓመት በአንዴ አየው። እያንዳንዱን መቶ፣ እያንዳንዱን መቶ ሃያ፣ እያንዳንዱን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ ያጣበትን። ብረቱ እናቱን አያውቃትም ብሎ ነበር፤ ለካ አግዳሚው ያውቃታል። ኪሱ ውስጥ እንደገና ብይ ሲከብደው ተሰማው። በሰዉ ፊት ላይ ያ የሚያውቀው ልስላሴ መምጣት ጀምሮ ነበር፤ ሐጂ መትወሊ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዩታል።

«ምንም አይደለም ልጄ» አሉ ሐጂ፣ «ማንም አይከፋብህም...»

«እኔ ይከፋኛል!» ሸሓታን የራሱ ድምፅ አስደነገጠው። «ያወጣሁት ሁሉ ይሰረዝ። እንጨቱ ይውጣ። እንደ አዲስ እንጀምር።»

«ሸሓታ፣ ስማኝ፣» አሉ ካፒቴን፣ «ካወጣሁት ዘንጉ...»

«ያውጡት።»

ካፒቴን መሮ አንስተው ሽብልቁን ነቀሉት። አረፋዋ መሐል መጥታ ቆመች። ሸሓታ በሁለት ሰው ተደግፎ ተኛ፣ ታሰረ፣ መቶ ሠላሳ አስጠራ። ዘንጉ ተነሣ፤ ግማሽ ላይ ግራው ወረደ፣ ቀኙ ወጣ። ሦስት ቀይ። ደገመ። በዚህኛው ክብደቱ ወደ ጎን ሊያፈተልክ ሲል ሁለት ሰው ዘለው ያዙት። ጡንቻው አላነሰውም፤ ተሰምቶታል፣ ኃይሉ አለ። ገላው ግን ከውሃ ልክ ጋር አልተስማማም።

«ይኸው ደስ ይበልህ» አለ አንድ ሰው ለመሕሩስ።

መሕሩስ ግን ደስ አላለውም። ተራው ነው። ተኛ። አግዳሚው አሁን ቀጥ ያለ ነው፤ አገር ሁሉ አይቷል፤ ሰበብ የለም። መቶ ሠላሳ አምስት አወረደና ገፋ። ግማሽ መንገድ ላይ ዘንጉ ወደ ቀኝ ተጋደመ። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። ደገመ። ወደ ቀኝ።

መሕሩስ ተነሥቶ ቁጭ አለ። ዓይኖቹ ፈጠው ነበር። «እኔ በአሮጌው አግዳሚ ላይ መቶ ስድሳ ቀጥ አድርጌ ነው የምገፋው» አለ። «ዘጠኝ ዓመት። ሁላችሁም አይታችኋል።»

ለቢብ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ውሃ ልኩን ይዞ ጥግ ወዳለው አሮጌ አግዳሚ ሄደ፣ አስቀመጠው፣ ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል።

«ካፒቴን» አለ። «ይሄኛውም ጠማማ ነው። ወደ ቀኝ።»

ካፒቴን ፊክሪ ግንባራቸውን አበሱ።

«መሕሩስ ቁም ሳጥን ሲሸከም ኖሮ ቀኝ ትከሻው ወርዷል» አሉ። «መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ዘንጉ ይጋደልበት ነበር። እሱም ሥር አንድ እንጨት አደረግሁ።»

«መቼ?» አለ ለቢብ።

«የዛሬ አሥር ዓመት ይሆናል።»

ለቢብ ያለችውን ሦስት ጣት ዘረጋ፤ ከዚያ በሌላኛው እጁ መቁጠር ጀመረ፤ ከዚያ ተወው። «አምስት ጊዜ» አለ። «አምስት ጊዜ በሁለት ኪሎ ተኩል ነው የተሸነፍኩት። በሁለት ኪሎ ተኩል! ለእሱ በተቆረጠ አግዳሚ ላይ ተኝቼ! ሚስቴ ‹አንተ አቅም ያንስሃል› ስትለኝ ኖራለች ካፒቴን። አቅም ያንሰኛል ብዬ አምኜ ብረት ተውኩ እኮ።»

«አንዳችሁን ለማስበለጥ ብዬ አይደለም» አሉ ካፒቴን ፊክሪ። «እኔ አናጢ ነኝ። ጠረጴዛ ይዤ ሰው ቤት ስሄድ ወለሉ ጠማማ ከሆነ ወለሉን አልሰብርም፤ የጠረጴዛውን እግር ቆርጬ አስማማለሁ። ዘንግ ሲጋደል ማየት አልችልም፤ ጥርሴን ያመኛል። እንጨት አደርጋለሁ። ሌላ የሚተኛበትን አላሰብኩም። ይሄ ነው ጥፋቴ።»

መሕሩስ ከአግዳሚው ወርዶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ያ ሁሉ ምላስ የት እንደገባ እንጃ። በሩ ላይ ዘጠኝ ጊዜ የተጻፈ ስሙን አሻግሮ ያያል፤ ዓይኑን ሲመልስ ከሸሓታ ዓይን ጋር ተገጣጠመ። ሸሓታ ያን ፊት አወቀው። በዘጠኝ ዓመቱ የራሱ ፊት ነበር፤ ከረሜላው የተነገረው ልጅ ፊት። መሕሩስ፣ ያ ተራራ፣ ያ ሁለት እግር ያለው ሰው፣ ሳያውቀው ተለቅቆለት ኖሯል። ደግሞ ለእሱ የተደረገውን ማንም ችሮታ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ ጣፋጭ በካርቶን አልሰጡትም፤ ሻምፒዮን ነው ያሉት።

«ካፒቴን» አለ ሸሓታ። «የእሱ ሽብልቅ ስንት ነው?»

«ሁለት ጣት።»

«የእኔስ?»

«አንድ ተኩል።»

ከሸሓታ ውስጥ የሆነ ነገር ገንፍሎ ወጣ፤ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየለትም። መሕሩስም ቀና ብሎ አየው።

«ውሃ ልኩ ያለ ቦታው ነው የተቀመጠው» አለ መሕሩስ በዝግታ። «እኛ ቁም ሳጥን ስንሸከም የማን ትከሻ ወረደ፣ የማን ወጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አጭሩ ትከሻው ላይ ጨርቅ ይደርባል። የሚታየው ቁም ሳጥኑ ነው፤ ካልተጋደለ አልተጋደለም። አግዳሚውን ተዉት። ዘንጉን ለኩ።»

ለቢብ ሐጂ መትወሊን አየ። ሐጂ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። «ጥሩ» አለ ለቢብ፣ «ሁሉም የራሱን እንጨት ያድርግ። ዘንጉን እኔ እለካለሁ። እርስዎ ግን ካፒቴን ጨርቁን ያስቀምጡ፤ እኔና ሐጂ እንበቃለን።»

ለእያንዳንዳቸው ከሦስት ሙከራ አንድ ቀርቷል። የሸሓታ ሽብልቅ ተመለሰ። ሲተኛ ጀርባው ሥር ያለው እንጨት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማው፤ ስምንት ዓመት ተኝቶበት ተሰምቶት አያውቅም። መቶ አርባ አወረደ። አቆመ። ገፋ። ለቢብ በራስጌው ቆሞ ውሃ ልኩን በዓይኑ ትይዩ አድርጎ ዘንጉን አየ። ቀጥ። ሁለት ነጭ።

መሕሩስ ላቡን አበሰ። «መቶ አርባ ሁለት ተኩል» አለ።

የሸሓታ ሽብልቅ ወጣ፣ የመሕሩስ በቀኝ ገባ። ክብደቱ እየተጫነ ሳለ ሐጂ መትወሊ ወደ መሕሩስ ጠጋ አሉ። ቀስ አድርገው የተናገሩ መስሏቸው ነበር፤ የሽማግሌ ሹክሹክታ ግን ጎረቤት ያዳርሳል። «ልጄ፣ ዒድ ነው። ዘጠኝ ዓመት በልተሃል። ይቺን እንኳ ለምስኪኑ...»

ሸሓታ ሰማ። ይኸው መጣ፤ ከረሜላው መጣ። መሕሩስ ደግሞ ለእሱ ሲሆን ድምፁን የሚቀንስ፣ «ወንድሜ» የሚል ሰው ነው። መቶ አርባ ሁለት ተኩል መግፋት ይችል አይችል እንደሆነ ከእሱ በቀር ማን ያውቃል? ግማሽ ላይ ትንሽ ማላላት ብቻ ነው የሚበቃው። ያኔ የሸሓታ ስም በሩ ላይ ይጻፋል፤ እሱም ዕድሜውን ሙሉ አያምነውም። ሸሓታ «አትልቀቅልኝ» ብሎ ሊጮህ ፈለገ። የባለ ሦስት ጎማውን መዘውር በሁለት እጁ ጨብጦ ቀረ።

መሕሩስ ሐጂን አልፎ ወደ አግዳሚው ሄደ። ተኛ። ታሰረ። አንገቱን ወደ ጎን አዙሮ ሸሓታን አየው፤ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጣሪያውን።

ዘንጉ ወረደ። ቆመ። «ግፋ» አለ ለቢብ። ዘንጉ ተነሣ፤ አንድ ስንዝር ሄደና ቆመ። የመሕሩስ ክንዶች ይንቀጠቀጣሉ። ሸሓታ «አላላልኝ» አለ በውስጡ፤ «ይኸው አላላልኝ።» ቀኑን ሙሉ ከደረሰበት ድንጋጤ ሁሉ ይሄኛው የባሰ ነበር። ግን የመሕሩስ አንገት ላይ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ወጥቷል፣ ጥርሱ ይንቋቋል፣ ከጉሮሮው የሚወጣው ድምፅ የሰው አይመስልም። እንዲህ ሆኖ የሚያስመስል ሰው የለም። ዘንጉ ትንሽ ተነሣ። ደግሞ ትንሽ። ሁለቱ ክርኖች እኩል ተቆለፉ። ለቢብ ውሃ ልኩን አየ፤ ደግሞ አየ።

ነጭ። ሐጂ መትወሊም ነጩን አነሡ፤ እጃቸው ግን ከበዳቸው።

ማንም አላጨበጨበም። አንዳንዱ ወለሉን፣ አንዳንዱ ሸሓታን በጨረፍታ ያያል። መሕሩስ ከቀበቶው ተፈታ፣ ተነሣ፣ ሸሓታ ፊት መጥቶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«እህ፣ አንተ ጠማማ!» አለ በሙሉ ድምፁ። «ዓመት ሙሉ ጻፉኝ ጻፉኝ ስትል የነበርከው ለዚህ ነው? አያቴ ሞታ እንኳ ከአንተ ይበልጥ ትገፋለች። ሂድና ቫርኒሽህን ቅባ!»

ምድር ቤቱ ተንጫጫ። «ነውር ነው መሕሩስ!» «አላህን አትፈራም?» «እንዲህ ላለ ሰው?» ሐጂ መትወሊ የመሕሩስን ክንድ ይዘው ሊጎትቱት ሞከሩ።

«ተዉት!» አለ ሸሓታ። ፊቱ በእንባ ረጥቦ ነበር፤ እሱ አላወቀም። «ማንም አይንካው። አሸንፎኛል። ይስደበኝ!» ከዚያ ወደ መሕሩስ ዞረ። «ጠማማ ትለኛለህ? አንተ ባለ ሁለት ጣት! በግማሽ ጣት ትብሰኛለህ እኮ!»

መሕሩስ አፉን ከፍቶ ቀረና እንደ ሕፃን እየተንከተከተ ሳቀ። ካፒቴን ፊክሪ ጥግ ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፍነው ነበር።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ሸሓታ ቤቱ ደረሰ። ኢንሻራሕ በሩን ከፍታ ገና ፊቱን ስታይ ደነገጠች፤ ዓይኖቹ አብጠዋል፣ አፉ ግን እስከ ጆሮው ይስቃል።

«ምን ሆነሃል?»

«ተሸነፍኩ» አላት።

ልታጽናናው እጇን ትከሻው ላይ አደረገች። «ምንም አይደለም የኔ ጌታ፣ ለሚመጣው...»

እጇን ከትከሻው አውርዶ በሁለት መዳፉ ያዘው።

«ማንም አልለቀቀልኝም ኢንሻራሕ» አለ። «ገባሽ? ማንም።»